የልጆቻችን መዋኛ ገንዳ በበጋው ሐሩር እንዴት ይቀዝቅዝ?

(በማኅበራችን የየካቲት ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ለመገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ድምፅ የሚሰጠው በመጋቢት ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው።)



ከዛሬው አጀንዳ ሦስተኛው «የልጆች መዋኛ ገንዳ ይፍረስ ወይስ ይቆይ» የሚል ሲሆን፣ ገንዳውን እንድንጠብቅ አደራ የተሰጠን አምስታችን ስለ ጉዳዩ እንድንናገር ታዘናል። አስቀድመን አንድ ነገር እንመን። ባለፈው ሚያዝያ ገንዳው ከጥቅም ውጪ የሆነው በፀሐይ ብቻ አይደለም፤ በእኛም አለማወቅ ጭምር ነው። ስለዚህ የምንናገረው ግማሹ ማብራሪያ፣ ግማሹ ደግሞ ይቅርታ ነው።

ገንዳው የተገዛበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለቅንጦት አልነበረም። ከየቤቱ ገንዘብ የተዋጣው ልጆቻችንን ከሐይቁ ዳርና ከዓባይ መውጫ ለማራቅ ነው። ውኃ ዳር ተወልዶ ያደገን ልጅ ውኃ አትንካ ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደ ማለት ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቦርሳውን አጥር ሥር ወርውሮ ወደ ጣና ይሮጣል። እኛም በልጅነታችን ያደረግነው ነው፤ ማን ይዋሻል? ነገር ግን የሐይቁ ዳር ሜዳ መስሎ ድንገት ይጠልቃል። የደንገሉ ሥር እግር ይይዛል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሳይታይ የሚገባው ግን ቢልሃርዝያ ነው።

ቢልሃርዝያን አንዳንድ ሰው «የሆድ ትል ነው» ብሎ ያልፈዋል። አመጣጡ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው ይገባል። ከእንቁላሉ የተፈለፈለው እጭ በውኃው ውስጥ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ገላ ገብቶ ይራባል። ከዚያም በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና ውኃ ውስጥ ያገኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። እጩ ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚወጣው ደግሞ ብርሃን ሲበረታ፣ በእኛ አቆጣጠር ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆቻችን በዕረፍት ቀን የሚንቦጫረቁበትን ሰዓት የመረጠ ይመስላል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል፤ ይሁንና ልጁ ታክሞ በማግሥቱ ወደዚያው ውኃ ቢመለስ እንደገና ይያዛል።

በዚህ በሽታ ላይ አገራችን የራሷ ታሪክ እንዳላት በዚህ አጋጣሚ ብናነሣው ደስ ይለናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህ ሥራቸውም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ጣናን የሚያህል ሐይቅ በእንዶድ ማጠብ ግን አይቻልም፤ እንዶድ ዓሣውንም ይጎዳል። ለእኛ ሰፈር የቀረው መንገድ ልጆቹን ሌላ ውኃ መስጠት ነበር። ገንዳው የመጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ከጥቅምት እስከ ጥር ልጆቹ ከገንዳው አልወጣም አሉ። የካቲት አለፈ፤ መጋቢት ገባ። በሚያዝያ አጋማሽ ከሰዓት በኋላ እጃችንን ስንከት ውኃው ለእንግዳ እግር እንደሚሞቅ ውኃ ለብ ብሎ አገኘነው። ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር አበቀለ። ልጆቹ አንድ ሁለቴ ገብተው «ይኼማ ሾርባ ነው» ብለው ወጡ። የት ሄዱ? ወደ ሐይቁ ነዋ።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እግሩ ከደንገል ሥር ተይዞ፣ በታንኳ የሚያልፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ ባይደርስለት ኖሮ ዛሬ ስለ ገንዳ ባልተነጋገርን ነበር። ልጁ ደኅና ነው፤ ስሙን አናነሣም። እናቱ ግን በማግሥቱ መጥተው «ገንዳ አለ ብላችሁ አዘናጋችሁን፤ ባይኖር ኖሮ እኔው እጠብቀው ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም። ገንዳው ይፍረስ የሚለው ሐሳብ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። እኛም ለጊዜው ተስማምተን ነበር።

ሐሳባችንን የቀየርነው የሞቀበትን ምክንያት ቁጭ ብለን ስናጤነው ነው።

ገንዳችን ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 4,200 ሊትር ገደማ ይይዛል። አፉ 7 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ ስትሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ታሳርፋለች። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ በቀትር በገንዳችን ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ከሥሩ ሁለት ምጣድ እንደ መጣድ ነው ማለት ነው! ውኃው ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቀዳዳ ቢያጣ በአንድ ቀን ስምንት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጣና እንዲህ የማይሆነው ያችው ፀሐይ የምታሞቀው በአማካይ 8 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ነፋስ የሚያማስለው ውኃ ስለሆነ ነው። የእኛ 60 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ድስት ናት።

ይህም ብቻ አይደለም። የባሕር ዳር ፀሐይ ሚያዝያ 12 ቀን ግድም ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የመብራት ምሰሶ ጥላ እግሩ ሥር ይጠፋል፤ የሚጠራጠር ወጥቶ ይይ። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትገኘው ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው። እኛ ደግሞ ገንዳውን ከግቢው ግንብ በስተ ሰሜን ያቆምነው «ግንቡ ጥላ ይጥልለታል» ብለን ነበር። በታኅሣሥ እውነት ነው፤ ጥላ ነበረው። በሚያዝያ ግን ቀትር ላይ ጥላ የሚባል የለም። አጠገቡ ያለው የቆርቆሮ አጥር ደግሞ የከሰዓቱን ፀሐይ መልሶ ገንዳው ላይ ይተፋ ነበር። ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ሊሾም ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋታችን እንምጣ። ውኃው መሞቅ ሲጀምር ፀሐይ እንዳይነካው ብለን ትልቅ ላስቲክ ገዝተን ከጠዋት እስከ ማታ አፉን ጥብቅ አድርገን ሸፈንነው። ማታም «ትንኝ ይገባል» ብለን አልገለጥነውም። ይህ ማለት ድስቱን መክደን ማለት ነው። እንስራ የምታውቁ እናቶች አሁን እየሳቃችሁብን ነው፤ ይገባችኋል።

እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው ለምንድን ነው? ገላው ስለሚያልበው ነው። በሸክላው ቀዳዳ ትንሽ ትንሽ ውኃ ወደ ውጭ ይወጣና ነፋስ ሲያገኘው ይተናል፤ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ከቀረው ውኃ ላይ ወስዶ ይሄዳል። በወይራ የታጠነ እንስራ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚያዝያ እንኳን ጉሮሮ የሚያርስ ውኃ የሚሰጠን በዚህ ዘዴ ነው። ጣና ራሱ ትልቅ እንስራ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ከፍታ ያለው ውኃ ከገጹ ይተናል። የእኛም ገንዳ አፉ ክፍት ቢሆን በቀን 30 ሊትር ገደማ ይተንለት ነበር። እኛ በላስቲክ ከለከልነው።

ይህ 30 ሊትር ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት ሌላ 580 ሊትር ያህል ውኃ በአንድ ዲግሪ ያበርዳል። በእኛ ገንዳ ልክ ሲሰላ ሰባት ሊትር ከሩብ ገደማ ሲተን መላው ገንዳ አንድ ዲግሪ ይወርዳል፤ 30 ሊትር ሲተን አራት ዲግሪ ነው። ከሌላው መንገድ ጋር አስተያዩት። ውኃው 33 ዲግሪ ነው እንበል፤ የቧንቧው ውኃ ደግሞ 22። ወደ 30 ለማውረድ ከገንዳው 1,150 ሊትር ያህል ደፍተን በቧንቧ ውኃ መተካት አለብን። 58 ጀሪካን ነው! ባለፈው ሚያዝያ ሁለት ጊዜ አድርገነዋል፤ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትመጣ እያወቅን። ጎረቤት ቢቆጣን አይፈረድበትም። ያንኑ ሦስት ዲግሪ በትነት ብናወርደው ኖሮ የሚጠፋው ውኃ ከአንድ ጀሪካን ብዙም አይበልጥም ነበር።

በረዶም ሞክረናል። ከእኛ አንዱ ከዓሣ ነጋዴ 25 ኪሎ በረዶ በባጃጅ አምጥቶ ከተተ። ልጆቹ በጣም ተደሰቱ፤ እስኪሟሟ ድረስ ተጫወቱበት። ውኃው ግን ግማሽ ዲግሪ ትንሽ ቢያልፍ ነው የወረደው። ሦስት ዲግሪ ለማውረድ ከ110 ኪሎ በላይ በረዶ በየቀኑ ያስፈልግ ነበር። አሁን ስናስበው ያሳፍረናል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቀን ፀሐይን መከልከል፤ ማታ ውኃውን ከሰማይና ከነፋስ ጋር ማገናኘት።

ለቀኑ ጥላ እንሠራለን። በአራት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ፣ ከአዋቂ ሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የደንገል ምንጣፍ ይዘረጋል። ደንገሉ ቅርባችን ነው፤ ደግሞም እንደ ቆርቆሮ ግሎ ሙቀት አይተፋም። ጥላው ከገንዳው አፍ በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ያህል ይውጣ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ይኑረው፤ የዘጠኝ ሰዓቷ ፀሐይ የምትገባው ከዚያ ነውና። በሰሜን በኩል ክፍት ይሁን፤ ቀን ቀን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በውኃው ገጽ ላይ ማለፍ አለበት። የማንጎ ዛፍ ሥር ብናዛውረውስ ያላችሁ ነበራችሁ። ጥላው ግሩም ነው፤ ቅጠሉና አበባው ግን ውኃ ውስጥ ወድቆ ይበሰብሳል፤ ልጆችም ማንጎ ሊያወርዱ ድንጋይ ይወረውራሉ። አይሆንም።

ምንጣፉ የሚጠቀለል መሆን አለበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘረጋል፤ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠቀለላል። የበጋ ሌሊታችን ደረቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ውኃው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ጣሪያ ካለበት ግን ይከለከላል። ለትንኝ ደግሞ ላስቲክ ሳይሆን ስስ የመጋረጃ ቱል እንወጥራለን፤ አየር ያሳልፋል፣ ትንኝ አያሳልፍም። የወባ አጎበር ግን እንዳታመጡ አደራ፤ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ልጆች ከሚዋኙበት ውኃ ጋር መገናኘት የለበትም፤ አልጋም ያለ አጎበር መቅረት የለበትም። ቱሉ ልጅ ቢወድቅበት እንደማይይዝ አትርሱ። መሰላሉ ማታ ማታ ተነሥቶ በቁልፍ ይቀመጣል፤ የግቢውም በር ይዘጋል።

የሚቀጥለው ሐሳብ የእኛ አይደለም። ባለፈው ኅዳር አንዲት እናታችን ቡና ላይ ስንነጋገር ሰምተው «እንስራውን ታውቁታላችሁ፤ ታዲያ ገንዳውን ለምን እንስራ አታደርጉትም?» አሉን። እንዴት ብንላቸው «ጆንያ አልብሱታ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የገንዳው ግድግዳ ዙሪያውን ሲለካ አምስት ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከአፉ ብዙም አያንስም። የቃጫ ጆንያ ተሰፍቶ ዙሪያውን ቢለብስና ከገንዳው ራሱ በጣሳ እየተቀዳ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቢርስ ግድግዳው ላብ ያወጣል፤ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ፀሐይም ግድግዳውን አያገኘውም። ጆንያው እንዳይሸት በሳምንት አንዴ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከሥሩ ሊሾው ላይ ደግሞ የገለባ ምንጣፍ እናነጥፋለን።

መብራት ባለበት ማታ አንዲት ትንሽ የውኃ ዲናሞ ውኃውን ወደ ላይ ስባ በሻወር ራስ እንደ ዝናብ ብታወርደው ትነቱ ይበረታል። ይህን የምናደርገው ግን ልጆች ከግቢው ከወጡ በኋላ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክና ውኃ ውስጥ ያለ ልጅ በምንም መንገድ አይገናኙም፤ ገመዱ ጠዋት ተነቅሎ ይቀመጣል። ዲናሞ ባናገኝም ጥላውና ጆንያው አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ክረምት ሲገባ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ትነት ይደክማል፤ ያን ጊዜ ግን ማቀዝቀዝ የሚፈልግም የለም።

ስለ አረንጓዴው ነገር አንድ ቃል እንጨምር። በረኪናውን ጠዋት እየጨመርን ነበር፤ ፀሐይ ክሎሪኑን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታጠፋዋለች፤ ሞቃት ውኃም ቶሎ ይጨርሰዋል። ከአሁን በኋላ የሚጨመረው ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሆናል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ለዚህ ገንዳ 170 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃዋል። ከሌላ ማጽጃ ጋር ማደባለቅ በፍጹም ክልክል ነው። ውኃው ከቀዘቀዘ በረኪናውም ይቆያል። ገንዳውን በሐይቅ ውኃ እንሙላው የሚለውን ሐሳብ ግን አንቀበልም፤ የሸሸነውን በባልዲ ማምጣት ነው።

«ይህ ሁሉ በወሬ ነው ወይስ ሞክራችሁታል?» ለሚል፣ በገንዳው ላይ ገና አልሞከርነውም። በጥር ወር ግን ሁለት እኩል በርሜሎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ውኃ ሞላን። አንዱን እንዲሁ ፀሐይ ላይ ተውነው። ሁለተኛውን ጆንያ አልብሰን፣ አርሰን፣ ከምንጣፍ ጥላ ሥር አኖርነው። በርሜል ገንዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን በእጅ ይታወቃል፤ ሙቀት መለኪያም አላስፈለገንም።

ለሥራው የሚያስፈልገው አራት ጠንካራ አጣና፣ ወደ ሃያ አምስት ካሬ ሜትር የደንገል ምንጣፍ፣ ሃያ ያህል የቃጫ ጆንያ፣ ቱልና ገመድ ነው። ጆንያ በየቤቱ አይጠፋም፤ ለቱሉም አሮጌ መጋረጃ ይበቃል። ከሁሉ የሚከብደው ሰው ነው። ጠዋት ምንጣፉን የሚዘረጋ፣ ከሰዓት ጆንያውን የሚያርስ፣ ልጆች ሲዋኙ ዓይኑን ከውኃው የማያነሣ አንድ አዋቂ በየቀኑ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ይህን ሁሉ አምስታችን ብቻ እንሥራው ብለን ነበር፤ አልቻልንም። ልጃቸው ከሐይቁ የወጣላቸው እናት ለማክሰኞና ለዓርብ ከሰዓት ስማቸውን አስመዝግበዋል። የቀሩት አምስት ቀናት ባዶ ናቸው፤ መዝገቡ ጸሐፊው ጋ ነው።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱ በርሜሎች በማኅበሩ ግቢ በር በስተ ቀኝ ቆመዋል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ መጥታችሁ እጃችሁን ክተቱባቸው።